22 ቶን ጓዝ ይዞ የመጣው መምህር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጀማሪ ጋዜጠኞች በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ላይ ስለ ፎቶግራፍ እንድናገር ተጠይቄ ነበር። እኔ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። ፎቶግራፍ ማለት ለእኔ ለረጅም ጊዜ ጽሑፉ ሲያጥር ክፍት ቦታ የሚሞላልኝ፣ ጽሑፉ ሲረዝም ደግሞ ዳር ዳሩን የምቆርጠው ነገር ነበር። ይህን ኃጢአቴን አስቀድሜ መናዘዜ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በታች የማወጋችሁ ሰው እንደ እኔ ካሉ አዘጋጆች ጋር ሲጣላ ኖሮ የሞተ ነውና።

ለሥልጠናው ይዤ የሄድኩት ከአንድ አሮጌ መጽሔት ቆርጬ ያስቀመጥኩትን ፎቶግራፍ ነበር። አንዲት ጃፓናዊት እናት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆና የ15 ዓመት ልጇን ታቅፋለች። የልጅቷ እጅና እግር የተኮማተረ ነው። እናትየው ቁልቁል ታያታለች። ከዚህ በላይ አልገልጸውም፤ ምክንያቱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍኩና ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ጥቁሩና ስለ ነጩ አመጣጠን የተዋስኳቸውን ጥቂት ቃላት ተናገርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ አስፈቅዷታል?»

አዎን፣ እናቲቱ ፈቅዳለች፤ ሳታውቅ የተነሣ ፎቶግራፍ አይደለም አልኳት።

«የእናትየዋማ ገባኝ። ልጅቷን ነው የምልዎት።»

መልስ አልነበረኝም። ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ተነሣን። እቤቴ ገብቼ ግን ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ያለኝን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርጄ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ። እነሆ ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ልጅ ነው። ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ዩጂን ስሚዝ በ1918 በአሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀትና ድርቅ ተደራርበው ንግዳቸውን አፈረሱባቸው፤ በ1936 ሰውየው በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ልጃቸው ያን ጊዜ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ካሜራ አንግቶ ለጋዜጦች ፎቶግራፍ ማንሣት ጀምሯል። የከተማው ጋዜጦች ስለ አባቱ አሟሟት የጻፉት እሱ ከሚያውቀው እውነት ጋር አልገጥም አለው። ጋዜጠኝነት ይኸ ከሆነ ይቅርብኝ ብሎ ሊተወው ተነሣ። የመለሰው አንድ የሙያ ወዳጁ ነው፤ ሐቀኝነት የሰውየው እንጂ የሙያው ጠባይ አይደለም ብሎ እንደመከረው ስሚዝ ራሱ ኋላ ተናግሯል።

ስለዚህ ሰው የጻፉ ብዙዎች ይህን ነገር በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ስሚዝ የሌላውን ሰው ሐዘን ለሕትመት ከማብቃቱ በፊት የገዛ ቤቱ ሐዘን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አይቷል። በሰው እጅ መጻፍ፣ በሰው ዓይን መታየት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ጋዜጠኛ ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በነጻ የትምህርት ዕድል ገባ። ብዙም አልቆየ፤ ትምህርቱን ጥሎ ኒው ዮርክ ወረደ። ዩኒቨርሲቲን ጥሎ የወጣው ይህ ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰው ከ41 ዓመት በኋላ፣ ያውም መምህር ሆኖ ነው። በመካከሉ ያለው ታሪክ የጠብ ታሪክ ነው። ኒውስዊክ መጽሔት በ1938 አባረረው። ጥፋቱ? የመሥሪያ ቤቱን ትልቅ ካሜራ ትቶ በትንሽ ካሜራ መሥራቱ ነበር። ላይፍ መጽሔት ወሰደው፤ ሳይስማሙ ቀርተው ለቀቀ፤ በጦርነቱ ዘመን ተመለሰ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ በሳይፓን፣ በኢዎ ጂማ፣ በኦኪናዋ ተሰለፈ። በግንቦት 1945 ኦኪናዋ ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ግራ እጁንና ፊቱን መታው። ሁለት ዓመት ያህል ሲታከም፣ ሲቀደድና ሲሰፋ ቆየ። በ1946 አንድ ቀን ካሜራውን በሚያመው እጁ ይዞ ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ከኋላ ተከተላቸው፤ ከጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጡ አነሣቸው። በ1955 ኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የታየውና ዓለምን የዞረው «የሰው ቤተሰብ» የተባለው ታላቅ ዐውደ ርእይ መዝጊያ ያደረገው ያንን ፎቶግራፍ ነው። ቆንጆ ነው። ለእኔ ግን የስሚዝ ትልቅነት እዚያ ላይ አይደለም።

ትልቅነቱ ያለው ከጦርነቱ በኋላ ለላይፍ በሠራቸው የፎቶግራፍ ድርሳናት ነው። በ1948 ክሬምሊንግ ወደምትባል የኮሎራዶ መንደር ዶክተር ኧርነስት ሴሪያኒ የተባሉትን ሐኪም ሊያነሣ ሄደ። በዚያ ዘመን አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ለእንዲህ ያለ ሥራ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ስሚዝ ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም ይባላል፤ ሐኪሙ የካሜራውን ድምፅ እስኪለምዱትና እስኪረሱት ድረስ ባዶውን ያነሣ ነበር። ከዚያ ሥራ ውስጥ አንዱ ሐኪሙን ወጥ ቤት ውስጥ ቡና ይዘው፣ ሲጋራ በጣታቸው፣ ቆመው ያሳያል። ያን ሌሊት በቀዶ ሕክምና ሲያዋልዷት የነበረች እናት ከነሕፃኗ ሞታባቸዋለች። ስሚዝ ሬሳውን አላሳየንም። ሲኒውን የያዘውን እጅ አሳየን።

በ1951 ደግሞ በደቡብ ካሮላይና ገጠር ሞድ ካለን የተባሉትን ጥቁር አሜሪካዊት አዋላጅ ነርስ ተከተለ። ጥቁሮች በሕግ ተለይተው በሚኖሩበት አገር፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ስኩዌር ውስጥ ለሚኖር ድሃ ሕዝብ እኒህ ሴት ሐኪምም አዋላጅም መምህርም ነበሩ። ድርሳኑ ሲወጣ አንባቢው ሳይጠየቅ ገንዘብ ይልክ ጀመር፤ በተዋጣው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ክሊኒክ ተሠርቶ በ1953 ተከፈተ። ስሚዝ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን አብልጦ ይወድ ነበር። ካለን የተጠቀሙበት ፎቶግራፍ ነበርና ይመስለኛል። ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

እስካሁን የቅዱስ ገድል የምጽፍ አስመስያለሁ። ሰውየው ግን ቅዱስ አልነበረም። ሥራ ሲይዝ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ በመጠጥና እንቅልፍ በሚነሣ እንክብል ራሱን ይነዳል፤ ቤተሰቡን ዘንግቶ ይጠፋል። ለአንድ ፎቶግራፍ ሕትመት ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀናት ይፈጃል። እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ለጋዜጠኛ ወግ የሚመች አይደለም። በ1950 በፍራንኮዋ ስፔን፣ ዴሌይቶሳ በተባለች መንደር ያነሣው የለቅሶ ፎቶግራፍ አለ። ካሜራውን ያዩ የነበሩ የሴቶች ዓይኖች ሲታተም በእጅ ተነካክተው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲመለከቱ ሆነዋል። በ1954 አፍሪካ መጥቶ በዛሬዋ ጋቦን፣ ላምባሬኔ ውስጥ ዶክተር አልበርት ሽቫይትዘርን አነሣ። ከዚያ ሥራ ዋነኛው ፎቶግራፍ ታች ጥጉ ላይ የሚታዩት እጅና የመጋዝ እጀታ ከሌላ ኔጋቲቭ የመጡ ናቸው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ተናድጄ ነበር። አንድ ጸሐፊ በቃለ ምልልስ ውስጥ ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ቢሰካ አባርረዋለሁ። ስሚዝ ግን አልደበቀም ለማለት ባይቻልም አላፈረበትም። ገለልተኛ ጋዜጠኛ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ለሚያየው ነገር ኃላፊነት የሚሰማውና የማይሰማው ነው ባይ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊነቴ ለማነሣው ሰው ነው፣ ሁለተኛው ለአንባቢዬ ነው፣ እነዚህን ሁለቱን ከተወጣሁ ለመጽሔቱ ያለብኝ ዕዳ በዚያው ይከፈላል የሚል ሐሳብም ጽፏል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። እኛ የምንሠራው በተገላቢጦሽ ነው፤ ቀድሞ መጽሔቱ፣ ቀጥሎ አንባቢው፣ ቦታ ከተረፈ የተነሣው ሰው። ይሁንና ለማነሣው ሰው ታማኝ ነኝ የሚል ሰው የዚያን ሰው ዓይን በብሩሽ ሲያዞር ታማኝነቱ ለማን ነው? በዚህ ላይ ከስሚዝ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅሁም።

የሽቫይትዘር ድርሳን እሱ በፈለገው አቀማመጥ ስላልወጣ ላይፍን ጥሎ ወጣ። አዘጋጆቹ ፎቶግራፎቹን መርጠው፣ አሳንሰው፣ ደርድረው አትመውበታል። ከመጽሔቱ ደመወዝ የተሻለ ደመወዝ በዚያ ሙያ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ፒትስበርግ ከተማ ለሚዘጋጅ መጽሐፍ በሦስት ሳምንት ውስጥ 100 ያህል ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ተቀጠረ። 17,000 ያህል ኔጋቲቭ ይዞ ቀረ፤ ዓመታት ፈጀበት፤ ገንዘቡን፣ ትዳሩንም በላው። ሥራው በ1959 በአንድ የፎቶግራፍ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ሲወጣ አቀማመጡን ራሱ እንዲወስን ተፈቀደለት። ወጣ፤ እሱም አልተሳካም አለ። እኔን መሰል አዘጋጅ ይህን ሲያነብ በልቡ ትንሽ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከ1957 ጀምሮ ኒው ዮርክ፣ ስድስተኛው ጎዳና ላይ በአንድ የተጎሳቆለ ፎቅ ውስጥ ኖረ። እነ ቴሎኒየስ መንክን የመሳሰሉ የጃዝ ሙዚቀኞች ሌሊት ሌሊት እየመጡ ይጫወቱበት የነበረ ቤት ነው። ስሚዝ ግድግዳውን ሁሉ በማይክራፎን ሽቦ አጥሮ 4,000 ሰዓት ያህል ድምፅ ቀዳ፤ 40,000 ያህል ፎቶግራፍ አነሣ። በዚሁ ዘመን ነው ኒው ስኩል በተባለው የኒው ዮርክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ማስተማር የሞከረው። ለትምህርቱ የሰጠውን ስም በአማርኛ «ፎቶግራፍ ከባድ ሲደረግ» ልንለው እንችላለን። ሌሎች ፎቶግራፍ በቀላሉ እናስተምራለን ብለው ማስታወቂያ በሚያወጡበት አገር መሆኑን አንርሳ።

በ1971 ኤይሊን ከተባለች፣ ቶኪዮ ከተወለደች ወጣት ጋር ተጋባና ሁለቱ ሚናማታ ወደምትባል የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ከተማ ሄዱ። ለሦስት ወር ያሉት ሦስት ዓመት ሆነ። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ሲለቅ ኖሯል። ሜርኩሪው ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ሰው ገባ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመንደሩ ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ሲሞቱ ታየ፤ ቀጥሎ ሰው። በሽታው በ1956 በይፋ ተመዘገበ። መንግሥት ምንጩ ፋብሪካው ነው ብሎ ለማመን 12 ዓመት ፈጀበት።

ቶሞኮ የተወለደችው በዚያው በ1956 ነው። መርዙ ያገኛት በማኅፀን ሳለች ነበር። አታይም፣ አትናገርም። እናቷ የበላችውን መርዝ እሷ ስለወሰደችው እናቲቱና ከሷ በኋላ የተወለዱት ልጆች ተረፉ ብሎ ቤተሰቡ ያምን ነበር፤ ስለዚህም በቤቱ ውስጥ እንደ ውድ ሀብት ትታይ ነበር። ስሚዝና ኤይሊን ከቤተሰቡ ጋር ተላምደው ቆይተው በታኅሣሥ 1971 ያንን ፎቶግራፍ አነሡ። ከሳምንታት በኋላ፣ በጥር 1972፣ ስሚዝ የበሽታውን ሰለባዎች አጅቦ በቶኪዮ አጠገብ ወዳለው የቺሶ ሌላ ፋብሪካ ሄዶ ሳለ በኩባንያው ወገን ሰዎች ክፉኛ ተደበደበ። ዓይኑ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘም። ፎቶግራፉ በሰኔ 1972 ላይፍ ላይ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። በመጋቢት 1973 ፍርድ ቤት ለሰለባዎቹ ፈረደ። ለዚህ ፍርድ ፎቶግራፉ ምን ያህል እንዳገዘ በሚዛን መለካት አይቻልም፤ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ለዓመታት ደጅ ጠንተው፣ ተሰልፈው፣ ተከራክረው ያገኙት ነው። የሚናማታን ስም ግን በሩቅ አገር ያለን ሰዎች ያወቅነው በዚያች እናትና ልጅ በኩል ነው። መጽሐፉ በ1975 ወጣ። ቶሞኮ በ1977 አረፈች።

በዚያው ዓመት በኅዳር ስሚዝ በበረሃማዋ አሪዞና፣ ቱሳን ከተማ ደረሰ። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በ1975 የፎቶግራፍ ጥበብ ማዕከል አቋቁሞ ነበር። ወዳጆቹ ይህ ሰው ሳይሞትብን ብለው ተሯሯጡለትና በሥነ ጥበብና በጋዜጠኝነት ክፍሎች በጥምር እንዲያስተምር ተቀጠረ። አብሮት የመጣው ጓዝ 22 ቶን ነበር፤ ኔጋቲቭ፣ የታተመ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የድምፅ ክር፣ መጽሐፍ፣ የ40 ዓመት ሥራና ጠብ። ያ ጓዝ ዛሬም በማዕከሉ ይገኛል፤ ተመራማሪዎች ይመላለሱበታል።

መምህሩ ግን ወንበሩን ሳያሞቅ በታኅሣሥ ደም በአንጎሉ ፈስሶ ወደቀ። ተርፎ፣ እንደ ምንም ብሎ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። በጥቅምት 15 ቀን 1978 ለድመቱ ምግብ ሊገዛ ወጣ ባለበት ዳግመኛ ወደቀ ይላሉ። በዚያው ሞተ፤ ዕድሜው 59 ነበር። ከጦር ሜዳ፣ ከድብደባ፣ ከራሱ ጋር ካደረገው ትግል የተረፈ ሰው ደመወዝ፣ ቤትና ተማሪ ባገኘ በዓመቱ ሳይሞላው።

የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ ይህችው ናት፤ አንድ ዓመት እንኳ አትሞላም። ታዲያ ምን አስተማረ? በ1980 ወዳጆቹ በስሙ የገንዘብ ድጋፍ አቋቋሙ፤ በሰው ሕይወት ላይ ረጅም ሥራ ለሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች በየዓመቱ የሚሰጥ ነው። በ1982 ከተቀበሉት መካከል አንዱ ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ ነበር። ሳልጋዶ በ1984 ኮረም መጣ። በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱ ረሃብ ነው። በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡትን ሰዎች አይታችኋቸው ይሆናል። ፎቶግራፎቹ ውብ ናቸው፤ በጣም ውብ በመሆናቸውም በዓለም ላይ ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። በዚህ ክርክር ውስጥ እኛ በካሜራው ፊት የነበርን ወገን ነን። ማን እንደተጠየቀ፣ ማን እሺ እንዳለ፣ ስማቸው ማን እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ ከፎቶግራፉ ሥር አላገኘሁም። የእኔ ዘመድ እዚያ ውስጥ የለም፤ ወይም አለ ብሎ የነገረኝ የለም።

የቶሞኮ ወላጆች ግን ተናገሩ። ፎቶግራፉ ከልጃቸው ሞት በኋላ በየመጽሐፉ፣ በየግድግዳው ሲዞር ኖሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን እንደገና ሊያወሳው ሲጠይቃቸው አባትየው በቃ አሉ፤ ልጃቸው እንድታርፍ ፈለጉ። ስሚዝ ከሞተ 20 ዓመት ሊሆነው ነው። የፎቶግራፉ ባለመብት የሆነችው ኤይሊን በስሚዝ ስም የምትሟገትለት ብዙ ነገር ነበራት። ግን ወደ ቤተሰቡ ሄደች፤ የፎቶግራፉን ነገር የመወሰን መብት ለወላጆቹ አስረከበች። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ሕትመት አልሰጥም አለች። ይህ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ የሚደንቀኝ ነው፤ ስሚዝ የጻፈው ቅደም ተከተል እሱ ከሞተ በኋላ በኤይሊን እጅ ሲፈጸም ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም በዚህ አልተስማማም። አንድ ጊዜ ለዓለም የተሰጠ ማስረጃ ተመልሶ አይወሰድም፣ ሜርኩሪም ገና ከዓለም አልጠፋም የሚሉ አሉ። በ2020 ጆኒ ዴፕ ስሚዝን ሆኖ በሠራበት ፊልም ውስጥም ፎቶግራፉ ዋና ቦታ ይዞ ታይቷል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ዓምና ለሌላ ዙር ሥልጠና ተጠራሁ። ወረቀቱን በፖስታ ውስጥ ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አላወጣሁትም። ስለ ካንሳሱ ልጅና ስለ አባቱ፣ ስለ ክሬምሊንጉ ሐኪም፣ በብሩሽ ስለዞሩት ዓይኖች፣ ስለ ሚናማታ ነገርኳቸው። ወላጆቹ ስላሉትም ነገርኳቸውና በዚህ ምክንያት አላሳያችሁም አልኩ። ያደረግሁት ነገር ትክክል መሆኑን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ድምፄ ሳያስታውቅብኝ አልቀረም።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ንግግሬን ሳልጨርስ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና አገኘው። ትክ ብሎ አየው። ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው አንገቱን አሰግጎ «እስቲ አሳየኝ» ሲለው፣ ስልኩን ደረቱ ላይ ገልብጦ ያዘና ወደ እኔ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ላሳየው?» አለኝ።